የወፍጮ ቤቷ አያት እንዳትሞት

እማማ ዳኛ የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው በመጽሐፍ ምክንያት ነው። ስልክ ቤት ተቀምጠው የሰው መስመር ሲያገናኙ በኖሩበት ዘመን፣ በአንዱ ጥሪና በሌላው መካከል ያነበቡት መጽሐፍ ቢደረደር ጣራ ይነካል። አንብበው ዝም ቢሉ ደግ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይፈርዱ አያድሩም። «ይኼ ሰውዬ ዝናብ ያውቃል፤ ሴት ግን አያውቅም» ይላሉ። ሌላዋን ደግሞ «ጥሩ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ እንግዳ መጣባት መሰለኝ፣ እየተጣደፈች ጨረሰችው» ይሏታል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ዳቦ ቤት ተሰልፈው ሳይቀር ይፈርዳሉ፤ ከኋላቸው የቆመው ሰው ገልጦ የማያውቀውን መጽሐፍ ጠልቶ ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ፊደሉ ጭጋግ ለበሰ፤ ቀጥሎ መስመሩ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ በመጨረሻ ገጹ እንዳለ ነጭ ግድግዳ ሆነ። ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሳል ቢላቸው፣ ወይ ፍንክች! «ለስንት ቀን ዕድሜ ብዬ ነው ዓይኔን ስለት የማስነካው?» አሉ። ልጃቸው ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። የረጅም መንገድ ሹፌር ነውና በደንብ ለማኩረፍ እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ ኩርፊያው ሳይበርድ ሌላ ጭነት ይጠራዋል። ቤት የሚቀሩት አማትና ምራት ብቻ ናቸው።

ምራቲቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሱቋ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነው፤ ደረጃውን ወርዳ ትከፍታለች፣ ደረጃውን ወጥታ ትገባለች። ከአማቷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ዓመታት ስትኖር ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ደግ ቃልም ብዙ አልተለዋወጡም። «ሻይ ልቅዳልዎት?» «ቅጂልኝ።» በቃ፣ የቀኑ ጨዋታ ይህቺው ናት። እሷ መጽሐፍ ስታይ እንቅልፏ ይመጣል፤ እሳቸው የጨርቅ ወሬ ሲሰሙ ያዛጋሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ምን ይጨዋወቱ?

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ እማማ ዳኛ በመስኮቱ አጠገብ መጽሐፍ ገልጠው ገጹን በመዳፋቸው ሲዳብሱት አገኘቻቸው። ዓይናቸው ሳይጠፋ ገዝተው ሳያነቡት ከቀሩት አንዱ ነው። ሳታስበው «እማማ፣ ላንብብልዎት?» አለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ ያን ቀን ያመለጣት ቃል የየዕለት ሥራ ሆነባት። ሱቋን ዘግታ ትወጣለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ትስባለች፣ ፀሐይ እስክትገባ ታነባለች።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ አንድ ወደብ ነበር። ደራሲው የዋዛ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «ደህና ዋላችሁ» እስኪል ድረስ ተራራውን ይገልጻል፣ ተራራው ሳያልቅ ደመናውን ይጀምራል፣ ከደመናው ወርዶ የአሳውን ቅርፊት ይቆጥራል። ምራቲቱ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትቆርጥ የዋለች ሴት ናት፤ ወገቧ ይቆረጣማል፣ ዓይኗ ይከደናል። ሙያዋስ ምንድን ነው? መስኮቱ አጭር ሆኖ ሳለ ረጅም ጨርቅ የሚሰቅል ማን አለ? ትርፉ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይቀመቀማል፣ ስፌቱ ንጹሕ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ተራራውንና ደመናውን አንድ ላይ ዘለለቻቸው። ዘልላም በፍርሃት ቀና ብላ አየች።

እማማ ዳኛ «እሰይ» አሉ። «በመጨረሻ የቃል ዋጋ የሚያውቅ ደራሲ ተገኘ። ቶሎ ገባ፣ አላንዛዛውም።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? አሳውን ዘለለች፣ ማዕበሉን አሳጠረች፣ የመርከቡን ታሪክ ከነመልሕቁ ጣለችው። በማግስቱ እማማ ዳኛ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ስለዚያ ደራሲ ቁጥብነት ሲመሰክሩ፣ ደራሲው ራሱ እዚያ ቢሰለፍ ኖሮ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስለው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የጉድጓድ ቆፋሪና የሦስት ሴት ልጆቹ ታሪክ ነበር። እማማ ዳኛ ሲፈርዱ ትልቋንና መካከለኛዋን አንድ ላይ ሰፍቶ አንድ ሰው ቢያደርጋቸው ይሻል እንደነበር ተናገሩ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ልቅሶ ነው የሚያለቅሱት። ያን ጊዜ ከምራቲቱ አፍ ራሷም ያልጠበቀችው ነገር ወጣ። አይደለም፣ መካከለኛዋ የምታለቅሰው ሲያዩዋት ብቻ ነው፤ ትልቋ ግን በሩን ዘግታ ነው፤ እንዴት አንድ ይሆናሉ ብላ ሞገተች። እማማ ዳኛ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው ማስረጃ ጠየቁ። ማስረጃ አቀረበች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ክርክር እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ ማን ነግሯት! ቅዳሜ ባሏ ከመንገድ ሲገባ ሁለቱ ተፋጥጠው «አታገባውም!» «ታገባዋለች!» ሲባባሉ ደርሶ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የየትኛዋ ጎረቤት ጉዳይ እንደሆነ በፍርሃት ጠየቀ።

ነገር የመጣው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። የወፍጮ ቤት ታሪክ ነበር። ወፍጮ ቤቱን የምታስተዳድረው አያት ምላሷ ጅራፍ የሆነ አሮጊት ናት፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ገበያተኛ ሳትል ሁሉንም ትሸነቁጣለች። እማማ ዳኛ ይቺን ሴት እንደ ዘመድ ወደዷት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ራሳቸው ደከሙ፤ ምግብ ቀነሱ፣ ሳል ያዛቸው፣ «ይህን ዓመት የምሻገረው አይመስለኝም» ማለት አበዙ። ምራቲቱ በታሪኩ እየተሳበች ስትሄድ ሳታውቀው አንባቢ ሆና ነበርና መጽሐፉን ሱቅ ይዛ እየወረደች በምሳ ሰዓት ከጨርቅ ጥቅሉ ጀርባ ወደፊት ታነብ ጀመር። መጽሐፉ መሐል ላይ ስትደርስ አያቲቱ ታማ ትሞታለች። ምራቲቱ መጽሐፉን ዘጋችው። የቀረውን ቀን የቆረጠችው ጨርቅ ሁሉ ተንጋደደ።

አመሻሹ ላይ ከሚፈራው ገጽ ደረሱ። አያቲቱ አልጋ ላይ ናት፤ ወፍጮው ቆሟል። እማማ ዳኛ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው «ትሞታለች እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። የሚፈርዱበት ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር።

ምራቲቱ ገጹን አየች። ገጹ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ሬሳ ከቦ ቆሟል።

«አይ፣ ተሻላት» አለች።

እንግዲህ የሞተ ሰው ማኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደራሲው ቀብሯት እፎይ ብሎ ቀጥሏል፤ መጽሐፉ ደግሞ ገና ግማሹ አላለቀም። ምራቲቱ ያቺን አሮጊት በየምዕራፉ እያነሳች ማስቀመጥ፣ ማስቆጣት፣ ማስነጠስ ግዴታ ሆነባት። ቀን ቀን የስፌት መኪናዋን እየረገጠች አያቲቱ ማታ የምትናገረውን ታዘጋጃለች። ቃል ሲያልቅባት ከእማማ ዳኛ ትበደራለች፤ ጠዋት ስለ ዳቦው የተናገሩት፣ ማታ ወፍጮ ቤት ስለ ዱቄቱ ይነገራል። የልጅ ልጇ ሠርግ ላይ ደግሞ የሙሽራው አባት ኩራት ስላበዛ አያቲቱ መሐል አዳራሽ ልክ ልኩን ነገረችው። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሠርጉ በሐዘን ምክንያት ያለ ዘፈን ነው ያለፈው። እማማ ዳኛ ሳቃቸው ሳላቸውን ቀድሞ ወጣ።

ሲረጋጉ ፍርድ ሰጡ። ይኼ ደራሲ ሴት ያውቃል፤ በተለይ አሮጊት ያውቃል፤ እናቱ ጉያ ያደገ መሆን አለበት። ምራቲቱ ፊቷ ቀላ። ማን ተመሰገነና!

መጽሐፉ ባለቀ በጥቂት ቀን፣ ጠዋት ሱቅ ልትከፍት ስትወርድ እማማ ዳኛ ከኋላዋ ጠሯት። ለልጃቸው እንድትደውል፣ ከሐኪሙም ቀጠሮ እንዲይዝ እንድትነግረው አዘዟት። ያቺ ሴትዮ ያን ያህል ወድቃ ተነስታ ሠርግ ላይ ሰው ከሰደበች፣ እኔ ምን ሆንኩና ነው የምሰንፈው አሉ። ባሏ በስልክ ሲሰማ ጮኸ፤ ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው ደጋግሞ ጠየቃት። እሷም አብራው ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቋ ቆመ። ዓይናቸው ሲገለጥ መጀመሪያ የሚያነሱት መጽሐፍ የትኛው እንደሚሆን አልጠፋትም። እሷን አምነው ስለት ሊነካቸው ነው፤ ያመኑት ደግሞ ሐሰት ነው። ስንት ዓመት ዝም ተባብለው ኖረው ገና አሁን የተጨዋወቱ ሁለት ሰዎች ተመልሰው «ሻይ ልቅዳልዎት፣ ቅጂልኝ» ሊሆኑ ነው። ይህን ስታስብ እውነቱን ከመናገር ሱቁን ዘግታ ብትጠፋ መረጠች።

እሱ ሳያንስ የፊት ለፊት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት መምህር አሉ። እሳቸውም አንባቢ ናቸው፤ ከእማማ ዳኛ ጋር ደረጃ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ በፊት መጽሐፍ ይጠያየቃሉ። የወፍጮ ቤቱን መጽሐፍ ድሮ አንብበውታል፤ ግን ለሰው አውሰው እንደወጣ ቀርቷል። እማማ ዳኛ ሲያወድሱት እሳቸውም ደስ ብሏቸው፣ በተለይ የአያቲቱ አሟሟት ልብ እንደሚነካ ተናገሩ። እማማ ዳኛ የማን አሟሟት ብለው ጠየቁ። ሞታለች አሉ መምህሩ። ሠርጉ ላይ የሙሽራውን አባት ያዋረደችው ታዲያ ማን ናት አሉ እማማ ዳኛ። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አያስታውሱም። ተከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ በመጨረሻ እማማ ዳኛ ከስድብ የሚከፋ ነገር አደረጉ፤ አዘኑላቸው። «ዕድሜ ነው ጋሼ፣ በሁላችንም ይደርሳል» ብለው ክንዳቸውን መታ መታ አድርገዋቸው ገቡ።

ከቀናት በኋላ መምህሩ መጋረጃ ሱቅ ገቡ። ያንዱን ጨርቅ ጫፍ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፤ የሚገዛ ሰው አኳኋን አይደለም። በመጨረሻ ወደ ምራቲቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያነበብሽላቸው። እውነቱን ንገሪኝ፤ ሴትዮዋ አልሞተችም? ሰሞኑን ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ እየጠፋብኝ ነው፤ አሁን ደግሞ ይኼ ሲጨመር ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።»

ምራቲቱ መቀሱን አስቀመጠች። አንዲት አሮጊት ለማዳን አንድ ሽማግሌ ልታሳብድ ነው! ከመጀመሪያው ተራራ እስከ መጨረሻው ሠርግ ዘከዘከችላቸው። መምህሩ ሰምተው ሲጨርሱ ሳቅ ጣላቸው፤ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ጤነኛ ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ ይላሉ በየመሐሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉና ኮስተር አሉ። ምስጢሩን አላወጣም፤ ግን ዓይናቸው ሳይገለጥ አንቺው ንገሪያቸው፤ ከአንቺ መስማትና ብቻቸውን ገጽ ላይ ማግኘት አንድ አይደለም ብለው መከሯት።

እውነት ነው፣ ልትነግራቸው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን ሻይ ስትቀዳ ጀመረችና ስኳር አለቀ ብላ ተነሳች። ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ «እማማ» አለች፤ እጇን ጭብጥ አድርገው ስለያዟት የቀረውን ሳትል መንገዱ አለቀ። ተራ ሲጠብቁም ነርሷ ቀደመቻት። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም።

ፋሻው ሲነሳ እማማ ዳኛ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው። አተኩረው አይተው «ከስተሻል፤ ይኼ ሁሉ ንባብ ነው» አሉ። ቤት ሲገቡ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ እያገላበጡ ስፌቱን ፈለጉ፤ ስላላገኙት አደነቁ። ሐኪሙ ዓይናቸው እስኪጠና ጠብቀው ትንሽ ትንሽ እንዲያነቡ ፈቅዶላቸው ነበርና ቀኑ ሲደርስ የወፍጮ ቤቱን መጽሐፍ ጠየቁ። ምራቲቱ የት እንዳለ አላየሁም አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መጽሐፉ ሱቅ ውስጥ ከጥቅሎቹ ጀርባ ነው ያለው። ያን ቀን ግን ባሏ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ለምሳ ሊጠራት ወርዶ፣ ጥቅል ሲያነሳላት አገኘውና እየሮጠ ወደ ፎቅ ይዞት ወጣ። እናቱን ያስደሰተ ልጅ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። እማማ ዳኛ በመስኮቱ አጠገብ ያነባሉ፤ ምራቲቱ ከሥር ትሰፋለች። ስትገባ ቀና ብለው ሰላም ይሏታል፤ ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ የለም። ዳቦ ቤት ተሰልፈው ስለ ምንም መጽሐፍ አልፈረዱም፤ ሰው ታመው ይሆን ብሎ ተጨነቀ። ምራቲቱ ሁለት ጊዜ ጣቷን በመርፌ ወጋች። ባሏ መንገድ ወጣ። ከዚህ ወዲያ መቆየት አልቻለችም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ያለ ወትሮው ዘግታ ደረጃውን ወጣች።

እማማ ዳኛ መጽሐፉን ዘግተው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ወንበሩን በእጃቸው አሳዩዋት፤ ተቀመጠች።

«ሞታለች» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«መጀመሪያ ዓይኔ ገና አልዳነም ብዬ ገጹን ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ስደግመው ገባኝ።»

ምራቲቱ ዋሸሁዎት አለች። ተራራውን የዘለልኩት ደክሞኝ ነው፣ አያቲቱን ግን ደክሞኝ አይደለም አለች። እማማ ዳኛ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ፍርድ ሊሰጡ ነው።

አስቀድመው ስለ ደራሲው ተናገሩ። አሟሟቷን አሳምሮ ጽፎታል። በዕድሜያቸው ብዙ ቀብር ቆመዋል፤ ቤት ውስጥ የወፍጮው ድምፅ ሲቆም ሰዎቹ እንዴት ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ያየ ሰው ነው የጻፈው። አልቅሰዋል፤ ለዓይናቸው ደግ ባይሆንም አልቅሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ ግን ዲዳ ነው። የሚናገር ሰው የለም፤ ሁሉም በመስኮት ያያል። ገጽ በገለጡ ቁጥር ትመጣለች ብለው ይጠብቋት ነበር። ሠርጉ ላይ ሲደርሱማ መጽሐፉን ዘግተው የምራቲቱን በልባቸው አነበቡት። ጠዋት ደግሞ የመምህሩን በር አንኳኩተው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ሰውዬው ሳቃቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ገብቷቸዋል።

«ያንቺም ጥሩ ነው» አሉ ቀጥለው። «አሮጊቷን ከማን እንደቀዳሻት አላጣሁትም፤ አኩርቶኛል። ጉድለቱ ግን አንድ ነው፤ ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ ሰው አይሞትም። ሰው ሁሉ የሚድንበት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የፈራው ነገር አለ። አንቺ ማንን ፈርተሽ ነው?»

ምራቲቱ ሐኪሙን ልታነሳ ነበር፤ ሳሉን፣ የባሏን ጭንቀት፣ ብዙ መልስ ነበራት። ሁሉንም ተወቻቸው።

«እርስዎን እንዳላጣ» አለች። «እርስዎ ቢሞቱ ከማን ጋር ነው የምጨዋወተው?»

ይህን ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በመጋረጃው አልጠረገችውም እንጂ የቀረ ጨርቅ የለም። እማማ ዳኛም የንባብ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነስተው መደርደሪያውን በገዛ ዓይናቸው ፈልገው፣ ያልተነበበ ወፍራም መጽሐፍ መርጠው አመጡና እቅፏ ውስጥ አስቀመጡት።

«እማማ፣ አሁንማ ዓይንዎ ድኗል» አለች ግራ ገብቷት።

«ዓይኔ ድኗል፤ ጆሮዬ ግን አንቺን ለምዷል» አሉ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ። «እኔም እሞታለሁ፣ ልጄ። ያን ገጽ መዝለል አትችዪም፤ እስከዚያ ግን አለሁ። በይ ጀምሪ። የሚሞተው ይሙት፤ አብረን እናለቅሳለን።»

ምራቲቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ማንበብ ጀመረች።